ፍጻሜው በራስ እጅ የሆነ ሥራ

አዲስ አበባ ውስጥ ጀሞ፣ ለቡ፣ ሐና ማርያም ወይም ሳሪስ የሚኖር የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት የዓመቱን ዕቅድ ጻፍ ቢባል የሚጽፈው ከጎረቤቱ ልጅ ብዙም አይለይም፤ ሥራ መቀጠር፣ ዲቪ መሙላት፣ ቤት ማግኘት፣ ማስተርስ መጀመር። ምኞቶቹ የሚነቀፉ አይደሉም። ችግራቸው ሁሉም የሚቋጩት በሌላ ሰው እጅ መሆኑ ነው። ማመልከቻውን ወጣቱ ያስገባል፣ የሚቀጥረው ግን መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ቅጹን እሱ ይሞላል፣ ዕጣውን የሚያወጣው ሌላ ነው። በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ሲመዘገብ ሃያ ዓመቱ የነበረና እስካሁን ዕጣ ያልደረሰው ሰው ዛሬ ከሠላሳ አልፎ፣ ምናልባትም ልጆች ወልዶ፣ ያንኑ የምዝገባ ቁጥር ይዞ ይጠብቃል። እንዲህ ያለውን ሰው ሰነፍ ማለት ግፍ ነው። ሆኖም ረጅም መጠበቅ ጥረትና ውጤት እንደማይገናኙ ቀስ እያለ ያሳምናል፤ ወጣትነቱን በዚህ እምነት ያሳለፈ ሰው በሩ በተከፈተለት ቀን ለመግባት ጉልበት ያጣል ብዬ እሰጋለሁ። ስለዚህ ማንኛውም ወጣት ከትልልቆቹ ዕቅዶች ጎን፣ ጅማሬውም ፍጻሜውም በራሱ እጅ የሆነ ቢያንስ አንድ ሥራ ሊኖረው ይገባል እላለሁ፤ ለዚህም ቤት ውስጥ በእጅ ከሚሠራ ነገር የተሻለ አላውቅም።

የምለው ሥራ ትንሽ ነው። ከአሮጌ ፓሌት የመጽሐፍ መደርደሪያ መሥራት፣ የተከራዩትን ክፍል ቀለም መቀባት፣ መጋረጃ ቆርጦ መስፋት፣ በረንዳ ላይ በተቆረጠ ጀሪካን ቆስጣና ሰላጣ ማብቀል፣ ድምፁ የጠፋ ሬዲዮ ፈትቶ መጠገን። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የተመቸ ክፍለ ከተማ ነው። ጀሞም ሆነ ጎፋ የኮንዶሚኒየም ቁልፍ የተረከበ ሰው በአብዛኛው ቤቱን ያገኘው የውስጥ ሥራው ገና ሳያልቅ ስለሆነ፣ ኮርኒሱን፣ ሴራሚኩን፣ ቀለሙን፣ የወጥ ቤት ካቢኔቱን በየራሱ አቅም ያሟላል። በዚህ ምክንያት በየመንገዱ ዳር የቀለም መሸጫ፣ የአናጢ ቤት፣ የብየዳ ሱቅ ተደርድሯል፤ በየደረጃው ሥር ቁራጭ ጣውላ፣ የተጋመሰ የቀለም ቆርቆሮ፣ ከሥራ የተረፈ ሴራሚክ ተከምሯል። ከዚያም በላይ ሙያውን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ሩቅ አይሄድም። ጎረቤቱ ቤት አናጢ ሲሠራ ግማሽ ቀን ቆሞ መመልከት ይችላል፤ አብዛኛው አናጢም ለጠየቀው ወጣት እያሳየ ይነግራል እንጂ አይደብቅም።

ዕቅድ ሰውን ያንቀሳቅሳል ወይ የሚለው ጥያቄ ብዙ ተጠንቷል። ኤድዊን ሎክና ጋሪ ሌታም የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2002 ሠላሳ አምስት ዓመት የፈጀውን ምርምር ሲያጠቃልሉ፣ ተለይቶ የተነገረና ጠንከር ያለ ግብ የተሰጠው ሰው «የቻልከውን ያህል ጣር» ከተባለው ሰው እንደሚበልጥ አሳይተዋል። ወደ እኛ ኑሮ የቀረበ ማስረጃም አለ። በደቡብ አፍሪካ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ በየትኛው ቀን የት ሄደው ምን እንደሚያመለክቱ በጽሑፍ ያቀዱት ወጣቶች ካላቀዱት ይልቅ ብዙ ማመልከቻ አስገብተው፣ ሥራ የማግኘት ዕድላቸውም በሩብ ያህል ከፍ ማለቱን መዝግቧል። ልብ በሉ፣ ለሥራ ፍለጋ ያዋሉት ሰዓት አልጨመረም፤ ያንኑ ሰዓት በተሻለ ተጠቀሙበት። የእጅ ሥራ ይህን ልማድ በግድ ያስተምራል። «ዘንድሮ ራሴን አሻሽላለሁ» የሚል ሰው ዓመቱን ሙሉ ራሱን ሊያታልል ይችላል፤ መደርደሪያ እሠራለሁ ያለ ግን ስፋቱን ሳይለካ ጣውላ መግዛት አይችልም፣ ሳይቆርጥ መግጠም አይችልም፣ ቢያጣምመው ደግሞ መጽሐፉ ተንሸራቶ ይወድቅበታል። ሌላ መርማሪ አያስፈልገውም።

የነገሩ ቁልፍ ግን መጨረሱ ላይ ነው። ማይክል ኖርተንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት ቀላል ሣጥን ራሳቸው የገጣጠሙ ሰዎች፣ ተገጣጥሞ ከቀረበላቸው ሰዎች ይልቅ 63 በመቶ የሚበልጥ ዋጋ ለመክፈል ተዘጋጅተው ተገኙ። ሰው የእጁን ሥራ ይወዳል ማለት ነው፤ ይህን ማንም ያውቀዋል። ብዙም የማይነገረው የጥናቱ ሁለተኛ ግኝት ነው፤ ሠርተው መልሰው ያፈረሱት ወይም ሳይጨርሱ የተዉት ሰዎች ዘንድ ያ ፍቅር አልታየም። በጅምር የቀረ ሥራ ኩራት አይሰጥም፤ እንዲያውም ጥግ ላይ ቆሞ በየቀኑ ይወቅሳል። ታዲያ ለምን እናቋርጣለን? አንዱ ምክንያት ጊዜን አሳንሰን መገመታችን ነው። ካናዳ ውስጥ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ጥናት የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎችን መቼ እንደሚጨርሱ ጠየቀ። በአማካይ 34 ቀን አሉ፤ ሁሉ ነገር ቢበላሽብን እንኳ 49 ቀን አሉ። የፈጀባቸው 55 ቀን ተኩል ነው። በእኛ ከተማ ደግሞ መብራት ይጠፋል፣ ምስማሩ ያልቃል፣ ዘመድ ይሞታል፣ ለቅሶ ይደረሳል። ስለዚህ ጀማሪ የገመተውን ጊዜ እጥፍ ያድርገው፤ አልሆን ካለው ጊዜውን ከመለጠጥ ይልቅ ሥራውን ያሳንሰው። ባለ አምስት ደርብ መደርደሪያ ጀምሮ ከመተው ባለ ሁለት ደርብ መጨረስ ይበልጣል።

ትንሽ መጀመር ትልቅ ነገር አያወጣም የሚል ሰው መካኒሳ ሄዶ ዞማ ሙዚየምን ይይ። መጋቢት 2011 ዓ.ም. የተከፈተውን ይህን ቦታ የመሠረቱት ሠዓሊ ኤልያስ ስሜና የሥነ ሰብ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ ናቸው። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ በየገጠሩ የምናውቀው፣ ድህነት ነው ብለን በብሎኬት ለመተካት የምንቻኮለው ያው የምርጊት ሙያ፣ በእጅ ተቀርጾና ተለስኖ እዚያ ሙዚየም ሆኗል። ኤልያስ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቀው በ1982 ዓ.ም. ነው። በሥራዎቹ የሚጠቀመው ቁልፍ፣ ክር፣ የጠርሙስ ክዳን፣ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የተሰበሰበ የኤሌክትሮኒክስ ሽቦና ሰሌዳ ነው፤ ሌላው ሰው የጣለው። ከሙዚየሙ በፊትም በዚሁ የጭቃ ጥበብ የራሱን ቤት ሠርቷል። በምርቃቱና በሙዚየሙ መክፈቻ መካከል 29 ዓመት አለ። ማንም ወጣት ኤልያስን ይሆናል እያልኩ አይደለም። የምለው፣ ያ ትልቅ ሥራ የቆመው አስቀድመው በተጠናቀቁ ሥራዎች ላይ ነው፤ ደግሞም ከባዶ ኪስ ይልቅ ብዙዎቻችንን የሚያስቆመን በእጃችን ያለውን ዕቃ መናቃችን ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። ወጣት ትልቅ ማለም አለበት፣ መደርደሪያ አገር አይለውጥም ይባላል። ለዚህ የአስመላሽ ዘፈሩ ታሪክ መልስ ይሰጣል። በቁመቱ ምክንያት የአብራሪነት ሥልጠና ሳይገባ የቀረው ይህ ወጣት ከበረራ መጻሕፍትና ከዩቲዩብ እየተማረ፣ ከእንጨትና ከአሮጌ የቮልስዋገን ሞተር ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ሠራ። በ2007 ዓ.ም. ሊያበራት ሲሞክር ነገሩ እንዳሰበው አልሆነም፤ ወሬው ግን ዓለምን ዞረ። ለእኔ ትልቁ ነገር ስሟ ነው። ኬ-570ኤ ብሎ ሰየማት፤ ኬ ለእናቱ ለኪሮስ፣ 570 ደግሞ የተሠራችባቸው ቀናት ቁጥር ነው። ሕልሙ ሰማይ ቢሆንም ሥራው በቀን የሚቆጠር፣ በክፍል በክፍል የሚገጣጠም ነበር። የተዘጋበትን በር ቆሞ ሲጠብቅ ቢኖር ኖሮ ከቁጭት በቀር የሚያሳየው አይኖረውም። ትልቅ ሕልም ካለህ ይኑርህ፤ ነገ ጠዋት የሚሠራውን ክፍል ግን ንገረኝ። ትልቅ ነገር ለጀመረ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ሕይወት የሚያስከፍል ሥራ ልምምድ አይደለም። የኤሌክትሪክ ቆጣሪ መነካካት፣ ከኮንዶሚኒየም ግድግዳ ላይ ብረት ያለበትን ኮንክሪት መስበር ለባለሙያ ይተው፤ ከላይም ከታችም ጎረቤት ይኖራል።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ የእንጀራ ነው። ሥራ ያጣ ልጅን መጋረጃ ስፋ ማለት ቧልት አይሆንም ወይ? ስለ ገቢ ቃል ብገባ ኖሮ በእርግጥ ቧልት ይሆን ነበር። ተመራማሪዎቹ ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ በአምስት የኢንዱስትሪ ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ አንድ ሺህ ያህል ሰዎችን ተከታትለው ነበር። በዕጣ ከፊሎቹ እዚያው ሲቀጠሩ ሌሎች ከፊሎች 300 ዶላር ያህል ገንዘብና አጭር የንግድ ሥልጠና አገኙ። ከተቀጠሩት አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላቸው ለቀቁ፤ ገንዘቡን ያገኙት ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው ምንም ካላገኙት በሲሶ ያህል በለጠ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲታዩ ግን ልዩነቱ ጠፍቷል። ገንዘብና ሥልጠና አግኝተው እንኳ የዘለቀ ለውጥ ካልመጣ፣ አንድ መደርደሪያ ከድህነት ያወጣል ብሎ መስበክ ወጣቱን ማታለል ነው። የእጅ ሥራ የሥራ ዕጦት መድኃኒት አይደለም፤ ያ የመንግሥትና የኢኮኖሚው ዕዳ ነው። የምሟገትለት ጥቅም ሌላ ነው፤ አቅዶ፣ ለክቶ፣ ተሳስቶ፣ አርሞ የመጨረስ ልማድ። ሥራ የሚጠብቀው ሰው በሚጠብቅበት ጊዜ ይህን ልማድ እንዳያጣ ነው።

ቦታና ገንዘብስ? በአንዲት የሰርቪስ ክፍል ሦስት ሆነው የሚኖሩ ልጆች መሰርሰሪያ የሚያስጮሁበት ቦታ የላቸውም፤ አከራይም ግድግዳው ላይ ምስማር አይወድም። ይህ እውነተኛ ችግር ስለሆነ ሥራው ከቦታው ጋር መመጣጠን አለበት፤ ቀለም የሚቀባ አከራዩን አስቀድሞ ያስፈቅድ፣ ግድግዳ የማይነካ ሰው ደግሞ መርፌና ክር ወይም ጀሪካንና አፈር ይምረጥ። ለገንዘቡ መላው ከአያቶቻችን ዘንድ አለ። እቁብ መጠኑ የታወቀ፣ ቀኑ የተቆረጠ፣ ቢቀር የሚያሳፍር ቁጠባ ነው፤ ምሁራኑ ስለ ግብ ያሉትን ሁሉ ያሟላል። አራት ጓደኛሞች በሳምንት ትንሽ ትንሽ ጥለው መጋዝ፣ መዶሻ፣ ሜትርና ውሃ ልክ በጋራ ቢገዙ መሣሪያውም ተራው ወደ ደረሰው ቤት ይዞራል።

ስለ ሴቶች ልጆች ለብቻው መነጋገር ይገባል። «ቤት ውስጥ ሥሩ» የሚለው ምክር ለብዙዋ ልጅ አዲስ ነገር አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ የምትሠራው እሱን ነው። ነገር ግን ሳህን ማጠብ፣ ቤት መጥረግ፣ ወጥ መሥራት ነገ ተመልሶ ይመጣል፤ አልቆ አያልቅም፣ የመረጠችውም እሷ አይደለችም። እዚህ የምለው ሥራ ምርጫው የራሷ የሆነ፣ ማለቂያ ያለው ነው። ወንድሟ ሳህኑን ካልተጋራት ግን ጊዜውን ከየት ታመጣዋለች? ስለ ራስ ማሻሻል የሚጽፉ ብዙዎች ይህን ይዘሉታል፤ ስለዚህ በቤቱ ውስጥ የመጀመሪያው ዕቅድ የሥራ ክፍፍል ቢሆን አይከፋኝም። መዶሻ ስታነሣ የሚስቅባትም ካለ ያቁም።

ለእጅ ሥራ ያለን ንቀት ሥር የሰደደ ነው። ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቀጥቃጩን እየሰደበ በሠሩለት ልብስ፣ ድስትና ማረሻ የሚኖር ማኅበረሰብ ነበርን፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱትም ለዚህ ነው። ዛሬ ስድቡ ቀንሷል፤ ዲግሪ ያለው ልጅ መጋዝ ይዞ ቢታይ «ለዚህ ነው ያስተማርንህ?» የሚል ወላጅ ግን አልጠፋም። ወላጆች ይህን ሲሉ በክፋት አይደለም፤ ልጃቸው የእነሱን ድካም እንዳይደግም ፈርተው ነው። ፍርሃታቸውን አከብራለሁ፤ ልጁ ከጠዋት እስከ ማታ ስልኩን ይዞ የማስታወቂያ ገጽ ሲጠብቅ ምን እንደሚማር ግን እንዲያስቡበት እለምናለሁ።

የቀረው ወጣቱ ብቻውን የማይወጣው ነገር ነው። ኢኮኖሚስቶች በምዕራብ ሐረርጌ ዶባ ወረዳ ለገበሬዎች፣ ከእነሱው መሰል ገጠር ተነሥተው በጥረታቸው ኑሯቸውን ያሻሻሉ ሰዎችን ታሪክ በአጭር ፊልም አሳይተው ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ፊልሙን ያዩት የተሻለ ቆጥበው፣ ለልጆቻቸው ትምህርትም የበለጠ ወጪ አድርገው ተገኙ። ሰው የሚነሣሣው እሱን የሚመስል ሰው የጨረሰውን ሲያይ ነው ማለት ነው። ይህን በየሰፈሩ ማምጣት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። እንደ ንፋስ ስልክ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ያሉ የሙያ ማሠልጠኛዎች ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ወርክሾፕ ለሰፈሩ ልጆች ቢከፍቱ፣ በየወረዳው ያሉ የወጣት ማዕከላትም ከፑል ጠረጴዛው አጠገብ አንድ ጠንካራ የአናጢ ጠረጴዛ ቢያቆሙ ይበቃል። መሣሪያው መታወቂያ እየተያዘ ለሁለት ቀን በውሰት ይሰጥ፤ የተዋሰው ልጅም ሠርቶ የጨረሰውን አምጥቶ ለአንድ ሳምንት እዚያው ያሳይ፣ ምን ያህል ብርና ስንት ቀን እንደፈጀበትም በወረቀት ጽፎ ይለጥፍበት።