ፊደሉን ለይቷል፤ ምን ያንብብ?

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በዘቢዳር ተራራ ግርጌ የተቀመጠችው ቡታጅራ የብዙ ቋንቋ ከተማ ናት። የመስቃን፣ የሶዶ ክስታኔ፣ የዶቢ፣ የስልጤ፣ የማረቆና የኦሮሞ ልጆች በአንድ ገበያ ይገናኛሉ፤ በአንድ ክፍልም ይቀመጣሉ። በቤታቸው የሚናገሩት ይለያያል፤ ትምህርት ቤት የሚጠብቃቸው መጽሐፍ ግን የአማርኛ ነው። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ከተማዋ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች። የአስተዳደሩ ስም ቢለወጥም የወላጁና የመምህሩ ጥያቄ ያው ነው፦ ሁለት ሦስት ዓመት የተማረ ልጅ አንድ ገጽ አንብቦ ምን እንደሚል መናገር ለምን ያቅተዋል?

ጥያቄው የቡታጅራ ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ውጤት ብዙዎችን አስደንግጦ ነበር። ሁለተኛ ክፍልን ሊጨርሱ ከተቃረቡት ሕፃናት ከ100ው 34ቱ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከመረዳት ጥያቄዎቹ አንዱን እንኳ መመለስ ያልቻሉት ደግሞ ከ100ው 48 ነበሩ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይጠቅማል። ከማያነበው ልጅ ሌላ፣ እያነበበ የማይገባው ልጅም አለ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛና በሀዲይኛ አዳዲስ የንባብ መጻሕፍት ተዘጋጁ፤ መምህራንም ሠለጠኑ። ሆኖም የዓለም ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ስሌት ከኢትዮጵያ የ10 ዓመት ልጆች 90 በመቶዎቹ ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም።

መዘዙ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከተፈተኑት ውስጥ ከግማሽ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ አገር ተንጫጫ። ኩረጃም፣ የመምህር እጥረትም፣ ጦርነትም በምክንያትነት ተነሣ። ሁሉም የየራሱ ድርሻ አለው። ነገር ግን የፊዚክሱን ጥያቄ የሚፈታው ተማሪ መጀመሪያ ጥያቄውን አንብቦ መረዳት አለበት፤ ይህ ደግሞ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል የሚጣል መሠረት ነው።

የድሮው ቤት ያወረሰን

ንባብን ደረጃ አበጅቶ ማስተማር ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤቱ ልጅ ፊደል ከቆጠረ በኋላ ግዕዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያለ ያድጋል፤ ዳዊት ሲደግም ተመረቀ ይባላል። የቁርኣን ቤቱ ልጅ በእንጨት ሰሌዳ የአረብኛ ፊደላትን ለይቶ፣ ምዕራፍ ከምዕራፍ እያያያዘ ይዘልቃል። ቡታጅራ ሁለቱንም ታውቃለች። ሁለቱም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፦ ምላስ እስኪፈታ ድረስ በቃል ያስደጋግማሉ፤ ትርጓሜው ለበላይ ደረጃ ይቀመጣል። ዓላማቸው ቅዱስ ቃልን አጥርቶ ማንበብ ስለሆነ ያዋጣቸዋል።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ድግግሞሹን ወረሰ፤ ትርጓሜውን ግን ለማን እንደተወው አይታወቅም። ዛሬም በብዙ ክፍሎች መምህሩ ይላል፣ ተማሪው በኅብረት ይቀበላል። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ምንባቡን በጆሮው ይዞ፣ ጣቱን ሌላ መስመር ላይ አድርጎ፣ አብሮ ያዜማል። ያነበበ ይመስላል።

አማርኛ ደግሞ በዜማ ብቻ አይነበብም። ፊደሉ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አይለይም። «ገና» የሚለውን ያየ ልጅ በዓሉ ይሁን «አልደረሰም» ማለት የሚለየው ከዐረፍተ ነገሩ አሳብ ነው፤ «አለ» ሲልም እንዲሁ። አሳቡን ያልያዘ ልጅ ቃሉን እንኳ በትክክል ሊጠራው አይችልም። በዚህ ላይ የቃሎቻችን ርዝመት አለ፦ «አላስተማሯቸውም» የሚለው አንድ ቃል ማን፣ ማንን፣ ምን እንዳላደረገ አጣምሮ ይይዛል። እንግዲህ መረዳት ከንባብ ቀጥሎ የሚመጣ ጌጥ ሳይሆን ከንባቡ ጋር አብሮ የሚሠራ ነገር ነው።

የሚያውቀውን ያነበበ ይቀድማል

እንደ ኤሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 ዶና ሬክትና ሎረን ሌስሊ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የሚተርክ ምንባብ አስነብበው ነበር። ንባባቸው ደካማ የተባሉት፣ ነገር ግን ጨዋታውን አሳምረው የሚያውቁት ልጆች፣ ጎበዝ አንባቢ ሆነው ጨዋታውን ከማያውቁት የተሻለ ተረዱ። በንባብ ትምህርት ዙሪያ ከሚነሡት ክርክሮች አንዱ ይህ ነው፦ ልጅ እንዲያነብ ስለሚያነበው ነገር የሚያውቀው ሊኖረው ይገባል፤ አዲስ እውቀት ደግሞ የሚያገኘው በማንበብ ነው።

ታዲያ ከቡታጅራ ገጠር የመጣ፣ ከመስቃንና ከስልጤ ቤት የወጣ፣ የከተማ ነጋዴ ልጅ የሆነ፣ ሁሉም በእኩል የሚያውቀው ነገር ምንድን ነው? ትምህርት ቤት ነው። ደወሉን፣ የጠዋት ሰልፉን፣ ጠመኔውን፣ ፈረቃውን፣ የደንብ ልብሱን፣ የዕረፍት ሰዓቱን ሁሉም ያውቃል። ስለ ሌላ አገር ትምህርት ቤት የሚተርክ ምንባብ እንግዲህ ግማሹ የታወቀ፣ ግማሹ አዲስ ነው። ለጀማሪ አንባቢ ከዚህ የተሻለ ርዕስ አይገኝም። የንባብና የቋንቋ ክፍለ ጊዜን «የዓለም ትምህርት ቤቶች» በሚል ርዕስ ዙሪያ ማዋቀር የሚያዋጣውም በዚህ ምክንያት ነው።

ምንባቡ እንዲህ ያለ ሊሆን ይችላል። መጽሐፍ ለሁሉም ባይዳረስ ሰሌዳ ይበቃዋል፦

«ኪማኒ ማሩጌ ኬንያዊ ነበሩ። በልጅነታቸው አልተማሩም። አገራቸው የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን በነፃ አደረገች። ያኔ ዕድሜያቸው 84 ነበር። የደንብ ልብስ ለበሱ። ደብተር ይዘው ትምህርት ቤት ሄዱ። አንደኛ ክፍልም ገቡ።»

ታሪኩ እውነት ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የሆነ ነው። መምህሯ ከማስነበቧ በፊት «አያታችሁ እዚህ ክፍል ቢመጡ የት ይቀመጣሉ?» ብላ ትጠይቃለች። ክፍሉ ይስቃል፤ ያወራል። በመስቃንኛ ያወራ ልጅም ይደመጣል፤ የተናገረውን በአማርኛ የሚመልስለት ጓደኛ አያጣም። ቀጥሎ ምንባቡን እሷ ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች፤ ከዚያ ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ ከዚያም በየግላቸው ያነባሉ። አሁን የቋንቋው ሥራ ይጀምራል። «ሄዱ» የሚለው ቃል ስለ ስንት ሰው ይናገራል? አንዱ «ብዙ» ይላል። ሌላው «አይ፣ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ አክብረን ነው» ይላል። «ማሩጌ የእናንተ እኩያ ቢሆን እንዴት ይጻፋል?» ስትል «ሄደ፣ ለበሰ፣ ገባ» እያሉ ይለውጣሉ። «ሴት ብትሆንስ?» ሲባል «ሄደች፣ ለበሰች፣ ገባች» ይመጣል። ሰዋስውን ከታሪኩ ሳይወጡ ተማሩ። በመጨረሻ እያንዳንዱ ልጅ ለማሩጌ የሚያቀርበውን አንድ ጥያቄ ይጽፋል። በ40 ደቂቃ ማዳመጥ፣ መናገር፣ ማንበብና መጻፍ ተነካኩ።

ሳምንቱን የሚሞላ ነገር ሞልቷል። በባንግላዴሽ ጎርፍ መንገድ ሲዘጋ ትምህርት ቤቱ በጀልባ ላይ ሆኖ ልጆቹን ከየደጃቸው እየሰበሰበ ያስተምራል። በጃፓን የትምህርት ዘመን መጋቢት መገባደጃ ላይ ይጀምራል፤ ተማሪዎች ክፍላቸውን ራሳቸው ያጸዳሉ። በፊንላንድ ልጅ አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመቱ ነው፤ ምሳም እንደ ኤሮፓውያን አቆጣጠር ከ1948 ጀምሮ ለሁሉም በነፃ ይቀርባል። በደቡብ አፍሪካ ትምህርት ጥር ላይ ይከፈታል። ይህን ያነበበ የቡታጅራ ልጅ ሳይጠየቅ የራሱን ያነሣል፦ እኛ ጋ መስከረም ተከፍቶ ወዲያው መስቀል ይመጣል፤ ቤት በእንግዳ ይሞላል፣ ክፍሉ ይሳሳል። ለምን? ይህን በአምስት ዐረፍተ ነገር ጻፍ ሲባል የሚጽፈው አያጣም።

ሁለት ስጋቶች

የመጀመሪያው ስጋት «ፊደል ሳይለይ ስለ ጃፓን?» የሚል ነው። ፊደል ማስለየት አይቀርም፤ በየቀኑ የራሱ ሰዓት ሊኖረው ይገባል። በሕንድ ፕራታም የተባለው ድርጅት የሚያራምደው ዘዴ ልጆችን ለተወሰነ ሰዓት በክፍላቸው ሳይሆን በንባብ ደረጃቸው ይመድባል፤ ፊደል ያልለየው ከፊደል፣ ቃል የሚያነበው ከዐረፍተ ነገር ይጀምራል። የዓለም ትምህርት ቤቶች ምንባብ ግን ፊደል ያልለየውንም በማዳመጥ ያሳትፋል። ማንበብ ሲችል የሚጠብቀውን ነገር ያውቃል።

ሁለተኛው ስጋት ይበልጥ ይከብዳል። ምንባቦቹ «እነሱ እንዲህ፣ እኛ ግን» የሚል መዝሙር ከሆኑ ልጁ ንባብ ሳይሆን ማፈር ይማራል። ስለዚህ የዓለም ትምህርት ቤቶች ዝርዝር የእኛንም ይያዝ። የቄስ ትምህርት ቤትና የቁርኣን ቤት ይግቡ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ እያደር በ15 ቋንቋዎች ያስተማረውና በዩኔስኮ በኩል የዓለም አቀፉን የንባብ ማኅበር ሽልማት ያገኘው፣ ይግባ። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሐዋሳ በአህያ በሚጎተት ጋሪ መጻሕፍት እያዞረ ሕፃናትን ያስነበበበት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ይግባ። በዘመነ ደርግ ወደ ኩባ ተወስደው የወጣቶች ደሴት በተባለው ስፍራ የተማሩት የኢትዮጵያ ልጆች ታሪክም ይግባ።

የቤት ቋንቋው ጉዳይ

በዚያ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተካተቱት 15 ቋንቋዎች ስልጥኛ አንዱ ነበር፤ ጉራጊኛ አልነበረም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን ቢፈቅድም በጉራጌ ምድር የማስተማሪያ ቋንቋው አማርኛ ሆኖ ቆየ። ከቸሃ እስከ ክስታኔ ከመስቃን እስከ እኖር የሚለያዩትን አነጋገሮች በየትኛው እንጻፍ የሚለው ክርክር አንዱ ምክንያት ነው። መጻፍ ግን አልቆመም፦ ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ የጻፉት የሽነጋ መንደር ታሪክ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ እንደ ኤሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ታትሟል። እንደዚያው አቆጣጠር በ2021 ደግሞ ለጉራጌ ቋንቋዎች የተዘጋጁ ተጨማሪ ፊደላት በዩኒኮድ የኮምፒውተር መለያ ውስጥ ገብተዋል። ክርክሩ እስኪቋጭ መምህሩ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። ልጁ ስለ ምንባቡ በቤቱ ቋንቋ እንዲያወራ መፍቀድ በጀት አይጠይቅም።

መጽሐፉ ከየት ይምጣ?

የዚህ አካባቢ ሰው መንግሥትን ብቻ ጠብቆ አያውቅም። በ1950ዎቹ ከዓለምገና በቡታጅራ አልፎ ወላይታ ሶዶ የሚዘልቀውን መንገድ ለማሠራት ተወላጁ ማኅበር አቋቁሞ ገንዘብ አዋጥቷል። ለንባብ የሚያስፈልገው ከመንገድ እጅግ ያነሰ ነው። የክልሉ ትምህርት ቢሮ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ክፍል ስለ ትምህርት ቤቶች አጫጭር ምንባቦችን በአንድ ቀጭን መጽሐፍ ቢያሳትም፣ ከመምህሩ መምሪያ ጋር ቢያያይዘው፣ ወጪው የሚያስፈራ አይሆንም።

የቀረውን የቡታጅራ ሰው ራሱ መሙላት ይችላል። ለመስቀልና ለዓረፋ ከአዲስ አበባ፣ ከጆሃንስበርግ፣ ከሪያድ፣ ከዋሽንግተን የሚመለስ ወይም ስልክ የሚደውል ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። እናንተ በሩቅ ያላችሁ፦ ልጆቻችሁ የሚማሩበትን ትምህርት ቤት በአንድ ገጽ፣ በቀላል አማርኛ ጻፉ። ስንት ሰዓት ይገባሉ? ምን ይበላሉ? በዕረፍት ምን ይጫወታሉ? ፎቶ ጨምሩበትና ለተማራችሁበት ትምህርት ቤት ላኩ። ርዕሳነ መምህራንም ገጹን ቢሮ አታስቀምጡት፤ ሦስተኛ ክፍል ስጡት፤ መልሱንም ልጆቹ ራሳቸው ይጻፉ።