ከአጥቢያ ወደ አጥቢያ የሚያደርሰው የእግር መንገድ እንዴት ይጠበቃል?

በወላይታ ዞን በኦፋ ወረዳ የምትገኘው ገሱባ ከሶዶ ወደ ሳውላ በሚወስደው የመኪና መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከዋናው መንገድ ወጣ ሲባል ግን ሕዝቡ የሚገናኘው በእግር መንገድ ነው። ታቦት ለጥምቀት የሚወርደው፣ አስከሬን ወደ መካነ መቃብር የሚሸኘው፣ ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ የምትደርሰው፣ የክብረ በዓል ተጓዥ ከአንዱ አጥቢያ ወደ ሌላው የሚሻገረው በዚሁ መንገድ ነው። መንገዱን በጥገና ዕቅዱ የያዘ አካል ግን እምብዛም አይገኝም። የመንገድ መሥሪያ ቤት ተሽከርካሪ የሚሄድበትን ይጠግናል፤ ገበሬው የማሳውን ድንበር ይጠብቃል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ቀጭን መንገድ ክረምት በመጣ ቁጥር ይሸረሸራል።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው እንዲህ ያለውን ረጅም የእግር መንገድ በበጎ ፈቃድ ሠራተኞች መጠበቅ ለሚሹ ሰበካ ጉባኤያትና ካህናት ነው። ሥራው በሌላው ዓለም መቶ ዓመት የሞላው ልምድ አለው፤ በወላይታም ከዚያ የቆየ የጋራ ሥራ ባህል አለ። ሁለቱን አንድ ላይ ማየቱ ይጠቅማል እንላለን።

በሰሜን አሜሪካ አፓላቺያን በሚባለው ሰንሰለታማ ተራራ ላይ ከጆርጂያ እስከ ሜን የሚዘልቅ ወደ 3,500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የእግረኛ መንገድ አለ። ሐሳቡን ቤንተን መካይ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1921 አቀረበ፤ በ1925 የሚያስተባብረው ጉባኤ ተቋቋመ፤ በ1937 መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ተገናኘ። እስከ ዛሬ የሚጠግኑት በአብዛኛው ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ወደ 30 የሚጠጉ ማኅበራት መንገዱን ተከፋፍለውታል፤ እያንዳንዱ ማኅበርም ድርሻውን እንደገና ቆራርሶ ለአንድ ወይም ለሁለት አባላት ይሰጣል። ስለዚህ አንድ ዛፍ ቢወድቅ የማን ድርሻ ላይ እንደወደቀ ይታወቃል። ያን ያህል ርዝመት ያለውን መንገድ ያቆየው ይህ ተራ የሚመስል ሥርዓት ነው።

ለካህናት አንባቢዎቻችን ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ከስፔን የተገኘው ነው። በሐዋርያው በቅዱስ ያዕቆብ ስም ወደሚጠራው ወደ ሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ የሚወስደው ጥንታዊ የተሳላሚዎች መንገድ ባለፈው ምዕተ ዓመት ሊረሳ ተቃርቦ ነበር። ጋሊሲያ ውስጥ በኦ ሴብሬሮ ተራራ የአንዲት ትንሽ ደብር አገልጋይ የነበሩት ቄስ ኤሊያስ ቫሊኛ መንገዱን በእግራቸው እየሄዱ አጠኑ። እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ ከመኪና መንገድ ሥራ በተረፈ ቢጫ ቀለም መታጠፊያዎቹ ላይ ቀስት መሳል ጀመሩ። ቄሱ በ1989 አረፉ። በየመንገዱ ያሉ ምእመናንና ማኅበራት ሥራውን ስለተረከቡ ቀስቱ አልጠፋም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ440 ሺህ በላይ ተሳላሚዎች መንገዱን ፈጽመዋል። ከዚህ ታሪክ ልንይዘው የሚገባን የቁጥሩን ብዛት አይደለም። አንድ የደብር አገልጋይ በእጁ ባለው ነገር ጀመረ፤ ሌሎችም ሊረከቡት በሚችሉት መንገድ ሠራ።

በአገራችንም ተስፋ በሚል ምሕጻረ ስም የሚታወቀው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ በመቄትና በላስታ አካባቢ መንገደኛን ከመንደር ወደ መንደር የሚያሳልፍ ጉዞ ዘርግቷል። ማረፊያዎቹን የሚያስተዳድሩት የየአካባቢው ነዋሪዎች ሲሆኑ መንገዱም ገበሬውና ምእመኑ ከጥንት ሲሄዱበት የኖሩት ነው። ለገሱባ ግን የእንግዳ ገቢን ተስፋ አድርጎ መነሣትን አንመክርም። ገቢ ቢመጣ መልካም ነው፤ ባይመጣ ግን መንገዱ የሚጠበቅበት ምክንያት አብሮ ሊወድቅ አይገባም። ቃሬዛ ተሸክሞ የሚያልፈው ሰው በቂ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የእግር መንገድ ጠላት ውኃ ነው። የእግረኛና የከብት ኮቴ መሬቱን ያጎደጉዳል፤ የጎደጎደው ቦታ ውኃ ይይዛል፤ ቁልቁል የሆነ እንደሆነ ደግሞ መንገዱ ራሱ ቦይ ሆኖ ጎርፉን ይወስዳል። በወላይታ ቀይ ሸክላማ አፈር ላይ ይህ በፍጥነት ይታያል። መንገዱ ሲጨቀይ መንገደኛው ደረቁን ፈልጎ ወደ ጎን ይረግጣል፤ በማግስቱ ሌላው ከእርሱ አልፎ ይረግጣል። በዚህ ሁኔታ አንድ ሜትር የነበረው መንገድ የጎረቤትን ቦቆሎ እየረገጠ ይሰፋል። ጠቡም ከዚያ ይጀምራል። መንገዱን በድንጋይ ከመሙላት በፊት ውኃው ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ማወቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ተዳፋት ላይ የሚሄድ መንገድ ወደ ታችኛው ጠርዙ ጥቂት ማዘንበል አለበት። አንድ ሜትር ስፋት ላለው መንገድ የታችኛው ጠርዝ ከላይኛው አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ቢል ውኃው በመንገዱ ላይ ከመሮጥ ይልቅ አቋርጦ ይወርዳል። ከጊዜ በኋላ በታችኛው ጠርዝ ላይ የአፈር ግድብ ይከማቻል፤ እርሱን በዶማ አፍርሶ በአካፋ ማንሣት ከጥገና ሥራ ሁሉ ቀላሉና ጠቃሚው ነው። መንገዱ ቀጥ ብሎ በሚወርድበት ቦታ የጎርፍ መቀልበሻ ያስፈልጋል፤ ይኸውም መንገዱን በሰያፍ የሚያቋርጥ፣ ግማሹ መሬት ውስጥ የተቀበረ የድንጋይ መስመር ወይም የታመቀ የአፈር ጉብታ ነው። በቀጥታ ካቋረጠ ደለል ይሞላዋል፤ በሰያፍ ከሆነ ግን ውኃው ራሱ ያጥበዋል። ከተቻለ አዲስ የሚቀየስ መንገድ በ10 ሜትር ርዝመት ከ1 ሜትር በላይ ከፍ አይበል፤ የመንገዱም ዳገትነት ከተራራው ዳገትነት ከግማሽ አይብለጥ።

አንድ ነገር ግን በብርቱ እናሳስባለን፦ የተቀለበሰው ውኃ የሚያርፍበት ቦታ አስቀድሞ ይታይ። የቤተ ክርስቲያን ሠራተኞች ያወጡት ጎርፍ የአንድ ድሃ ገበሬ እንሰት ውስጥ ከገባ፣ የተሠራው መንገድ ያመጣው ጥቅም በአንድ ሌሊት ይረሳል። መውጫው ሣር ወይም ቁጥቋጦ ወዳለበት መሬት ይሁን። ከጋሞ ደጋ ከጨንቻ የተገኘው ደሾ ሣር ለዚህ የተመቸ ነው፤ ሥሩ አፈርን አጥብቆ ይይዛል፤ ታጭዶም ለከብት መኖ ይሆናል። ጠርዙ ላይ የተተከለውን ደሾ የማጨድ መብት ለአዋሳኙ ባለ ይዞታ ቢሰጥ፣ ሣሩን የሚጠብቅ ሰው ያለ ተጨማሪ ወጪ ተገኘ ማለት ነው።

የሥራ አደረጃጀትን በተመለከተ በወላይታ ሁለት የታወቁ የጋራ ሥራ ዓይነቶች አሉ። ዳጎ ብዙ ሰው ለአንድ ቀን ከባድ ሥራ የሚጠራበት፣ ጠሪውም ምግብና መጠጥ የሚያቀርብበት ነው፤ በሰሜኑ ክፍል ደቦ ከሚባለው ጋር ይቀራረባል። ዛዬ ደግሞ ጥቂት ሰዎች እንደ ወንፈል በየተራ የሚረዳዱበት ነው። ኮሚቴዎቻችን አዘውትረው የሚያስቡት የመጀመሪያውን ነው፤ መላው ሕዝብ በአንድ ቀን ይወጣል፣ መዝሙር ይዘመራል፣ ብዙ አፈር ይቆፈራል። ለድልድይ ግንድ ለማጓጓዝ፣ ለትልቅ ካብ ድንጋይ ለመሸከም ይህ ተገቢ ነው። መንገድን ዓመት እስከ ዓመት የሚያቆየው ግን እንደ ዛዬ ያለው ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ጎረቤታሞች አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ተረክበው ግማሽ ቀን ይሠራሉ፤ ተራውም ይቀጥላል። ሥራውን ሁሉ ለዘመቻ የተወ አጥቢያ ከዘመቻው ቀን በኋላ ባለው የመጀመሪያ ከባድ ዝናብ ቦዩ ተደፍኖ ያገኘዋል፤ የሚከፍተውም የለም።

በዓመት ሦስት ጊዜ መውጣት ይበቃል። በጥር መጨረሻና በየካቲት ከበልግ ዝናብ በፊት፣ በግንቦት መጨረሻ ከክረምት በፊት፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ደግሞ ክረምት ያፈረሰውን ለመጠገን። ከበዓላትና ከገበያ ቀናት ጋር ማስተያየት የኮሚቴው ፋንታ ነው። ዐቢይ ጾም ከበልጉ ሥራ ጋር ስለሚገናኝ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ቀኑን ሙሉ እንዲቆፍር አይጠበቅ፤ በማለዳ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ተሠርቶ ይበቃል። ከባዱን የድንጋይ ሥራ ወደ ጥቅምት ማዘዋወር የተሻለ ይመስለናል።

የበጎ ፈቃድ ሠራተኛ ለምን ይቀራል? ብዙ ጊዜ ከስንፍና የተነሣ አይደለም። በማለዳ ተጠርቶ አስተባባሪው ረፋድ ላይ ሲደርስ፣ ለሃያ ሰው አምስት ዶማ ሲቀርብ፣ የት እንደሚጀመር ሳይነገረው ሲቀር፣ ሲሠራ ያልታየ ሰው በዐውደ ምሕረት ሲመሰገን በሚቀጥለው ጊዜ እቤቱ ይቀራል። ስለዚህ መዝገብ ይያዝ፤ የሠሩት ሰዎች ስም፣ ቀኑ፣ የተሠራው ቦታ ይጻፍ፤ ምስጋናም ከመዝገቡ ይነበብ። ዶማ፣ አካፋ፣ ዲጂኖና ገጀራ በዕቃ ቤት ተቆጥረው በአንድ ሰው ኃላፊነት ይቀመጡ። ለቀብር መቆፈሪያ የወጣ አካፋ ሳይመለስ የሚቀርበትን አጥቢያ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ ሰበካ ጉባኤን ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አውጣጥቶ ማዋቀሩ ለዚህ ሥራ ምቹ ነው፤ ሦስቱም ወገኖች በየክፍሉ ኃላፊነት ሊካፈሉ ይችላሉ። እናቶችና እኅቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰቡት ለምግብ ዝግጅት ብቻ ነው። ውኃ ተሸክመው በየዕለቱ የሚመላለሱት እነርሱ ስለሆኑ እግር የሚያንሸራትተውን ቦታ ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ የጥገናው ቅደም ተከተል ሲወሰን አስቀድመው ሊጠየቁ ይገባል። እንዲሁም መንገዱ የሌላ እምነት ተከታይ የሆኑ ጎረቤቶቻችንም መንገድ ነው። በወላይታ ቀብርና ለቅሶ የእምነት ድንበር ሳያግደው ሰውን ያገናኛል፤ የመንገድ ሥራም እንዲሁ ቢሆን ማንንም አያስከፋም። ጥሪው በቀበሌና በእድር በኩልም ይድረስ።

ወላይታ በገጠር ሕዝብ ጥግግት ከአገሪቱ ቀዳሚ ከሆኑት አካባቢዎች አንዱ ነው፤ መንገዱ ሊሰፋ ወይም ሊዞር የሚችልበት ባዶ መሬት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አዋሳኝ ባለ ይዞታዎች ከመቆፈሩ በፊት ተጠይቀው ስምምነቱ በቃለ ጉባኤ ይስፈር፤ ቀበሌውም ይወቀው። በዚሁ ዞን በሁምቦ የተሠራው ሥራ ጥሩ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በዎርልድ ቪዥን ድጋፍ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በተፈጥሮ ደን እንዲያገግም የተደረገው ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው የየድርሻቸው መብት ከታወቀላቸው በኋላ ነው። ሰው መብቱ የተጻፈለትን ነገር ይጠብቃል።

ስለ ደኅንነት የምንለው አጭር ቢሆንም ከሁሉ ይቀድማል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጠው የደረሱና ሁለተኛው ናዳ ያገኛቸው ናቸው። ስለዚህ በክረምት መካከል የተደረመሰ መንገድ ለመክፈት ማንም አይላክ። ከመንገዱ በላይ አዲስ የመሬት ስንጥቅ ከታየ፣ ዛፎች ካዘነበሉ፣ ንጹሕ የነበረ ምንጭ ከደፈረሰ፣ መንገዱ ይዘጋ፤ ለቀበሌው ይነገር፤ ዝናቡ እስኪያባራና መሬቱ እስኪደርቅ ይጠበቅ። በማንኛውም ጊዜ አንዱ ቡድን ከሌላው በላይ ሆኖ ድንጋይ አያንከባልል። ሕፃናት ችግኝና ሣር ይትከሉ እንጂ ዲጂኖ አይያዙ።

ለመጀመር ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ ካህን፣ አንድ ገበሬ፣ አንዲት እናትና አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ደብተር ይዘው ከአጥቢያቸው እስከ ቀጣዩ አጥቢያ ይሂዱ። ዛፍ፣ ድንጋይና የመሻገሪያ ቦታ እየጠቀሱ መንገዱን በክፍል ይከፋፍሉት፤ በእያንዳንዱ ክፍል ውኃ የሚገባበትንና የሚወጣበትን፣ ቃሬዛ የማያሳልፈውን ጠባብ ቦታ፣ የአዋሳኙን ባለ ይዞታ ስም ይጻፉ። ጉዞው ቀላል ዝናብ በዘነበ ማግስት ቢሆን ይመረጣል፤ በደረቅ ቀን የማይታየው የውኃ መንገድ ያን ዕለት ገና እርጥብ ሆኖ ይገኛልና።