ላባና እርሾ

እኛ ሰፈር፣ የካ፣ የፋሲካ ማግስት የላባ ቀን ነው። እማዬ በፈላ ውሃ ነክራ የነጨችው ላባ በማዳበሪያ ታስሮ አጥር ሥር ቆሟል። ከገና የተረፈውን ጓሮ ቀብረነው ነበር፤ ስቆፍር የሽንኩርቱ ልጣጭ አፈር ሆኗል፣ ላባው ግን ላባ ነው።

«ይሄን የሚበላ ፍጡር የለም?» አለች።

አለ! ላባ እንደ ጥፍራችን ከኬራቲን የተሠራ ነው፤ ክሮቹ በሰልፈር ስለተቆላለፉ ተራ ኢንዛይም አይፈታቸውም። በወቅቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት አማረ ገሰሰ ከስዊድኑ ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር በ2003 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ግን የዶሮ ላባ ብቻ ተሰጥቷቸው የሚያድጉ ሁለት ባክቴሪያዎችን ያስተዋውቃል። አንዱ፣ ኤኤል-20 የሚባለው፣ የሚያመነጨው ኢንዛይም በ70 ዲግሪ ሙቀትና በፒኤች 10 አካባቢ ጎበዝ ነው። ካልሲየም ካላገኘሁ ብሎም አያኮርፍም። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ካልሲየምን ይዞ ስለሚያስቀር፣ ለሳሙና ፋብሪካ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እንዲህ ያለ ባክቴሪያ የሚለየው እንዴት ነው? ወተት የተቀላቀለበት ነጭ ምግብ ሰሃን ላይ ይረጋና ባክቴሪያው ይዘራበታል። ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም ካወጣ በዙሪያው ያለው ወተት ይጠራል፤ ቀለበት ይታያል። እኔ ከላብራቶሪ ሥራ ሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ መልሱ በዓይን ይታያላ።

ኢንዛይሙ የሚሠራበትን ጂን ማግኘት ሌላ ጣጣ ነው። የተለመደው መንገድ ኢንዛይሙን አጥርቶ የመጀመሪያዎቹን አሚኖ አሲዶች ማንበብ፣ ከነሱ ተነስቶ የዲኤንኤውን ፊደላት መገመት፣ ከዚያም በኮሮና ጊዜ በለመድነው ፒሲአር ማባዛት ነው። ዛሬ ሙሉው ጂኖም ተነቦ በኮምፒውተር ይፈለጋል። የተገኘው ጂን ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ውስጥ ይገባና እሱም ወተቱ ላይ ቀለበት ከሠራ፣ ጂኑ ያ ነው።

የኢንዛይምና የጂንን ልዩነት ለእማዬ ያስረዳኋት በእርሾ ነው። ኢንዛይሙ እንጀራው ነው፣ ያልቃል። ጂኑ እርሾው ነው፤ አንድ ኩባያ የወሰደ ሁለተኛ በርሽን አያንኳኳም። ከኬንያ የሶዳ ሐይቆች በተወሰደ ናሙና የጂንስ ማደብዘዣ ኢንዛይም ተሠርቶ ሲሸጥ፣ የኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት በ2004 እ.ኤ.አ. ድርሻዬ የታለ ብሎ የተነሳው ለዚህ ነው።

«እርሾ የወሰደች ጎረቤት እንጀራ ታቀምስ የለ?» አለች።

እኛ ጋ በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የሚለውም ከዚህ አይርቅም፦ ያለ ፈቃድ የጄኔቲክ ሀብት አይወሰድም፣ ጥቅሙም ይጋራል። ፈቃዱን የሚሰጠው የብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው፤ እዚሁ የካ።

«ቅርብ ናቸዋ! ታዲያ ይሄን ማዳበሪያ ወስደሽ አትሰጫቸውም?»