የሰኔ ሳምንታት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት

ከመስከረም አንሥቶ ሲካሄድ የቆየው የትምህርት ዘመን በወርኃ ሰኔ ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ፥ የማጠቃለያው ፈተና ካለቀበት ዕለት ጀምሮ የውጤት ካርድ እስከሚታደልበት ቀን ድረስ፥ መምህሩ ፈተና በማረምና ሮስተር በመሙላት ሲደክም፥ ሕፃናቱ ግን ሥራ አጥተው በግቢው ሲሯሯጡ ወይም «ለካርድ ቀን ኑ» ተብለው ከቤት ሲውሉ ማየት በብዙ ትምህርት ቤቶች የተለመደ ነው። እነዚህ ቀናት ግን በሚገባ ቢያዙ ከዓመቱ ክፍል ሁሉ የላቀ ፍሬ ሊሰጡ ይችላሉ፤ ሕፃኑ ከፈተና ፍርሃት ተላቆ የተማረውን መለስ ብሎ የሚመረምርበት ጊዜ ከዚህ ሌላ የለውምና።

መጀመሪያ የሚመጣው መጻሕፍትን የመመለስ ሥራ ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት መማሪያ መጽሐፍ ለተማሪው በውሰት የሚሰጥ፥ በሚመጣው ዓመትም ወደ ሌላ ሕፃን እጅ የሚያልፍ በመሆኑ፥ መምህሯ የስም ዝርዝሩን ይዛ እያንዳንዱን መጽሐፍ ትቀበላለች፤ በመስከረም በጋዜጣ የተለበደው ሽፋን ጠርዙ ተበልቶ፥ የአንዱ ገጽ ጥግ ታጥፎ፥ የሌላው ወጥ ነክቶት፥ በሳይንሱ መጽሐፍ ውስጥ ያለችው ላምም በእስክሪብቶ ጺም ተሥሎላት ይገኛል። አስተዋይ መምህራን ይህን ርክክብ ወደ ትምህርት ይለውጡታል፤ ይኸውም ከመረከባቸው አስቀድመው ልጆቹ የታጠፈውን እንዲያቃኑ፥ የተቀደደውን በፕላስተር እንዲያያይዙ፥ የእርሳሱን ጽሕፈት በላጲስ እንዲያጠፉ በማድረግ ነው። የሰባት ዓመት ሕፃን ስሙን ለማያውቀው ታናሹ ብሎ መጽሐፍ ሲጠግን፥ ስለ ጋራ ንብረት ከሚሰማው ስብከት ይልቅ ይህ ሥራ ጠልቆ እንደሚገባው አምናለሁ።

ከዚያ ቀጥሎ ደብተሮቹ ይወጣሉ። አንዲት የአንደኛ ክፍል ተማሪ በመስከረም የጻፈችውን የመጀመሪያ ገጽና በሰኔ የጻፈችውን የመጨረሻ ገጽ ጎን ለጎን ገልጣ እንድታይ ብትደረግ፥ በአንደኛው «ሀ» ከመስመር ወጥታ ወደ ጎን ተጋድማ፥ «መ» ከ«ሠ» ጋር ተምታታ፥ እርሳሱ ወረቀቱን እስኪበሳ ድረስ ተጭኖበት፤ በሌላው ግን እናቷ ቅዳሜ ገበያ ሄዳ ሽንኩርትና በርበሬ እንደ ገዛች የሚናገር ሦስት ዐረፍተ ነገር፥ በአራት ነጥብ ተዘግቶ፥ በገዛ እጇ ተጽፎ ታገኘዋለች። ለዚህች ሕፃን ዓመቱን በሙሉ ምን እንዳገኘች የሚነግራት ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

በዓመቱ መዝጊያ የሚደረገውን የወላጆች በዓል ሁሉም ስለሚያውቀው ብዙ አልናገርበትም። መዝሙሩ፥ ጭውውቱ፥ መነባንቡ፥ ጥያቄና መልሱ ሁሉ የሚወደድ ነው። የሚያሳዝነኝ ግን የሽልማቱ ሥርዓት ነው፤ 60 ሕፃናት በሚማሩበት ክፍል ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡት በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ መዝገበ ቃላትና ደብተር ሲቀበሉ፥ የቀሩት 57ቱ በጭብጨባ ብቻ ተወስነው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ብልጫ ያገኘ አይሸለም አልልም፤ ነገር ግን የፍጻሜ በዓል የብልጫ በዓል ብቻ ሆኖ መቅረቱ ተገቢ አይመስለኝም።

ጥንታዊው ሥርዓታችን በዚህ ረገድ የተሻለ ነበር። ዘመናዊ ትምህርት በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከመጀመሩ አስቀድሞ፥ በየደብሩ በየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ፊደል የቆጠረ ሕፃን፥ ከአቡጊዳና ከፊደለ ሐዋርያ ወደ ወንጌለ ዮሐንስ፥ ከዚያም ወደ መዝሙረ ዳዊት ተሻግሮ፥ 150ውን መዝሙር ከመሐልየ ነቢያትና ከውዳሴ ማርያም ጋር አንብቦ ሲፈጽም «ዳዊት ደገመ» ይባልለት ነበር፤ ወላጆቹም እንደ አቅማቸው ጠላ ጠምቀው፥ ጎረቤት ጠርተው፥ የኔታን አክብረው ልጃቸውን ያስመርቁት ነበር። አንዱ በሁለት ዓመት፥ ሌላው በአራት ዓመት ቢደርስም፥ የሚጠየቀው ስንቱን እንደ ቀደመ ሳይሆን መጽሐፉን መፈጸሙ ነበር።

ስለዚህ ከካርዱ ቀን በፊት መምህሩ አንድ ቀን ለይቶ፥ እያንዳንዱ ሕፃን በዓመቱ የፈጸመውን አንድ ነገር በጓደኞቹ ፊት እንዲያሳይ ቢያደርግ መልካም ነው፤ አንዱ የማባዛት ሠንጠረዡን በቃሉ ይውጣ፥ አንዷ አንድ ገጽ ሳትደናቀፍ ታንብብ፥ በመስከረም ስሙ ሲጠራ አቤት ማለት ያፍር የነበረው ደግሞ ቆሞ ተረት ይንገር። ገንዘብ የማይጠይቅ፥ ከክፍሉም የማይወጣ በዓል ነው።

በመጨረሻም ካርዱ ይታደላል። በዚያች ወረቀት ላይ ድምሩ፥ አማካዩ፥ ደረጃው፥ ጠባዩና የቀረበት ቀን ይሰፍራል፤ ከግርጌዋም ተዛወረ ወይም ደገመ የሚለው ፍርድ ይጻፋል። ክፍል የሚደግመው ሕፃን ይህን ፍርድ በግቢው መካከል፥ ጓደኞቹ እየዘለሉ ካርዳቸውን በሚያመሳክሩበት ሰዓት ሊያነብበው አይገባም። መምህሩ ካርዱ ከመታደሉ በፊት ወላጁን ከልጁ ጋር አስጠርቶ፥ ልጁ በየትኛው ትምህርት እንደ ደከመና በየትኛው እንደ በረታ ደብተሩን ገልጦ ያሳያቸው፤ ክረምቱን በቤት የሚለማመደውንም ጥቂት ነገር በወረቀት ጽፎ ይስጣቸው።