«ጓደኛዬ ናት የላከችኝ»

ሰኞ ጠዋት ፋርማሲ በር ላይ ትንሽ ቆም ያለ ሰው ብዙ ያያል። ወጣቷ ትገባለች፤ ሌላ ደንበኛ ካለ የሳል ሽሮፕ ዋጋ ጠይቃ ትወጣለች። ሰው ሲቀንስ ተመልሳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ፖስትፒል… ጓደኛዬ ናት የላከችኝ» ትላለች። ወንዱስ? እሱማ ጥግ ይዞ ስልኩን ይነካካል! እንዴ፣ የሁለቱን ጣጣ አንዷ ብቻዋን ትሸከመው?

አንድ የማውቀው ፋርማሲስት እንዳጫወተኝ፣ ከነዚህ «ከተላኩት» ውስጥ በወር ሦስት አራቴ የሚመላለሱ አሉ። አንዷን «የኔ እህት፣ ይሄ እኮ የዘወትር መከላከያ አይደለም» ቢላት፣ «ጤና ጣቢያ የሰፈር ሰው ቢያየኝስ?» አለችው። ልጅቷ ፖስትፒልን የመረጠችው ማንም ስሟን ስለማይጠይቃት ነው።

ፖስትፒል ለድንገተኛ ነው። ያለ መከላከያ ግንኙነት ከተደረገ በ72 ሰዓት ውስጥ ይወሰዳል፤ በቶሎ ሲዋጥ ይበልጥ ይሠራል። ለነገው ግንኙነት ግን ዋስትና አይሆንም። ደጋግሞ መዋጥ የወር አበባን ያዛባል፤ አስተማማኝነቱም ከዘወትር መከላከያዎች ያንሳል።

ምርጫው እኮ ሞልቷል። ሰዓት ጠብቆ በየቀኑ መዋጥ ለማይከብዳት ኪኒን አለ። ለምትረሳ፣ ወይም እናቷ ቦርሳዋን እንዳትበረብር ለምትፈራ፣ የሦስት ወሩ መርፌ አለ። ከክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውም እንደዓይነቱ ሦስት ወይም አምስት ዓመት ያገለግላል። ሉፕ ላልወለደች አይሆንም የሚባለው ስህተት ነው።

መርፌ ላይ ደግሞ የማይወራ የለም። «መሐን ያደርጋል» ይሉታል። አያደርግም፤ ካቋረጡት በኋላ ለማርገዝ ወራት ሊወስድ ግን ይችላል። ስለዚህ በቅርቡ መውለድ ላሰበች ሌላው ይሻላል። የወር አበባ ሲቀርም «ደሙ ሆዴ ውስጥ ተጠራቀመ» ብለው የሚጨነቁ አሉ። የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ሳስቶ ስለሚቆይ ነው እንጂ የሚጠራቀም ደም የለም። ከነዚህ ሁሉ ኤችአይቪን የሚከላከል አንድም የለምና ኮንዶም የግድ ነው!

ወዴት ይኬድ? የመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና መከላከያ በነፃ ይሰጣል። በብዙዎቹ ለወጣቶች የተለየ ክፍል አለ። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማህበርም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1966 ጀምሮ በዚሁ ሥራ ላይ ነው። የጋብቻ ወረቀት፣ የወላጅ ወይም የፍቅረኛ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ባለሙያውም ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። እርግጥ ካርድ ክፍል ውስጥ ጮክ ብላ «ለምን መጣሽ?» የምትል ሠራተኛ እኔም ገጥማኛለች። «ለባለሙያዋ እነግራለሁ» ማለት ይበቃል። የሰፈር ሰው ካስፈራሽ ታክሲ ይዘሽ ሌላ ሰፈር ሂጂ።

ምክር ክፍሉ ውስጥ ግን ምንም አትደብቂ። ደም ግፊት፣ ማይግሬን፣ የምትወስጂው የቲቢ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ካለ ተናገሪ፤ አንዳንዱ መድኃኒት የኪኒኑን ጉልበት ያደክማል። ፖስትፒል ወስደሽ የወር አበባሽ ከአንድ ሳምንት በላይ ከዘገየ ደግሞ፣ ሌላ ፖስትፒል ሳትገዢ መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ አድርጊ።