ኪታብ ወይስ ኢ-ቡክ?

«ኮቦ» የተባለውን የኢ-ቡክ ማንበቢያ ከራያዋ ቆቦ ጋር የሚያገናኘው የስም መመሳሰል ብቻ ነው። ለቆላው ግን ይመቻል፤ ስክሪኑ ኃይል የሚወስደው በዋናነት ገጽ ሲቀየር ስለሆነ አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ሳምንታት ይቆያል፣ ፀሐይ ላይም እንደ ወረቀት ይነበባል።

ችግሩ ባለቤትነቱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 አማዞን የሸጣቸውን ሁለት የጆርጅ ኦርዌል መጻሕፍት፣ ገንዘቡን መልሶ፣ ከገዢዎች ኪንድል ላይ ሰርዟል። የተቆለፈ ኢ-ቡክ ወቅፍ አይደረግም። እንደ ዳናና ጀማ ንጉሥ ባሉ የወሎ የዒልም ማዕከላት ግን ኪታብ በእጅ እየተገለበጠ፣ ከደረሳ ወደ ደረሳ እየተላለፈ ኖሯል።

ስለዚህ ለክረምት ወደ ራያ ስንወርድ ለማጣቀሻ ኢ-ቡክ እንጫን፤ ሸኽ ፊት ለምንቀራው ግን የወረቀቱን ኪታብ እንያዝ። ስንጨርስ ለመስጂዳችን ወቅፍ እናድርገው። ኢንሻአላህ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ደረሳ ይቀራበታል፣ አጅሩም ይቀጥላል።