የበዓል ዋዜማ ጭንቀትና አኰቴት

የዐቢይ ጾም 55 ቀናት ወደ ፍጻሜያቸው ሲቃረቡ በየቤቱ የሚሰማው ንግግር መልኩን ይለውጣል። ስለ ጾምና ስለ ስግደት ይነጋገር የነበረው ቤተሰብ ከሆሣዕና ወዲህ ስለ ዶሮ፣ ስለ ቅቤ፣ ስለ ሽንኩርትና ስለ ዘይት ዋጋ ይነጋገራል። ትንሣኤ የደስታ በዓል ሆኖ ሳለ ዋዜማው ለብዙዎች የሐሳብና የእንቅልፍ ማጣት፣ አልፎ አልፎም የባልና የሚስት ጠብ ጊዜ ይሆናል። ስለዚሁ ጉዳይ ለሰበካ ጉባኤያትና ለአባቶች ካህናት ጥቂት ሐሳብ ልናቀርብ ወድደናል።

ጭንቀቱ ብዙ ጊዜ የሚመነጨው ከረኃብ ይልቅ ከእፍረት ነው። ጎረቤት “ምን አረዳችሁ?” ብሎ ይጠይቃል፤ ልጆች የእኩዮቻቸውን አዲስ ልብስ ያያሉ። ስለዚህ የዕለት ጉርሱን ያላጣ ሰው እንኳ ከሱቅ በዱቤ ይወስዳል፣ ከዘመድ ይበደራል፤ በዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እኅቱ ደመወዟን እንድትልክለት በስልክ ያስጨንቃታል። በዓሉ ያልፋል፤ ዕዳው ግን ክረምት እስኪገባ ይከተለዋል። በዚህ ሁሉ መካከል ከሁሉ ይልቅ የምትደክመው እናት ናት። በሰሙነ ሕማማት እየሰገደች፣ አንዳንዷም አክፍሎት ይዛ፣ ቀዳም ሥዑርን ከምድጃ ሥር ትውላለች፤ ሌሊት የትንሣኤው ብሥራት ሲሰማ ድካም ጥሏት ከቤቷ የቀረችው ጥቂት አይደለችም።

በዚህ ጊዜ ልናስታውሰው የሚገባን ነገር ዘወትር በአፋችን ያለ ነው። በበዓል ቀን እርስ በርሳችን የምንባባለው “እንኳን አደረሳችሁ” ነው። ሰላምታው ምን እንደ ተበላ አይጠይቅም፤ በሕይወት መድረሳችንን ብቻ ይናገራል። በቅዱስ ባስልዮስ ስም የሚጠራው ጸሎተ አኰቴትም እንዲሁ ነው፤ ምስጋናውን የሚያቀርበው ስለ እግዚአብሔር ጥበቃና እስከዚህች ሰዓት ስለ መድረሳችን እንጂ ስለ ማዕድ ሙላት አይደለም። ካህናት ዕለት ዕለት የሚያደርሱትን ይህን ጸሎት በሆሣዕና ሳምንት በስብከት ቢያብራሩት፣ ምእመኑ ምስጋና ከጎደለበት ቤትም ሊነሣ እንደሚችል በቀላሉ ይረዳል።

ይሁን እንጂ ምስጋናን ስናስተምር ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የተጨነቀን ሰው “አመስግን እንጂ አታጉረምርም” ብሎ ዝም ማሰኘት ቀላል ነው፤ ሸክሙን ግን አያነሣለትም። ጌታችን በጸሎተ ሐሙስ ምሽት ኅብስቱን አንሥቶ አመሰገነ፤ በዚያችው ሌሊት በጌቴሴማኒ በብርቱ ጭንቀት ጸለየ። ምስጋናና ጭንቀት በአንዲት ሌሊት ተገናኝተዋል። ስለዚህ መጨነቁን የሚናገር ምእመን እምነት የጎደለው ተደርጎ ሊታይ አይገባም። የንስሐ አባት በመጀመሪያ ሊያዳምጠው ይገባል። በተለይም ባለፈው በዓል አብሮ የነበረ ሰው በሞት የተለየበት ቤት ከምክር አስቀድሞ የሚጠይቀውን ሰው ይፈልጋል። እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት የራቀው፣ ወይም ሞትን የሚመኝ ሰው ሲያጋጥም ደግሞ ከጸሎቱና ከጸበሉ ጋር ወደ ጤና ተቋም እንዲሄድ መርዳት የአባትነት ሥራ ነው።

በቤት ውስጥ ልምምዱ ብዙ ድካም አይጠይቅም። ድፎው ሳይቆረስ የቤቱ ታላቅ በሚያቀርበው ምርቃት ውስጥ በዓመቱ የታለፈው ሁሉ በስሙ ቢነሣ፣ የዳነው ሕመም፣ የተጀመረው ትምህርት፣ የታረቀው ዘመድ ቢጠቀስ፣ ልጆች በዓሉን ከልብስና ከሥጋ በላይ ሆኖ ያዩታል። ደግሞም በዓሉ በእሑድ አያልቅም። ከማዕዶት እስከ ዳግም ትንሣኤ እያንዳንዱ ቀን የራሱ ስምና መታሰቢያ አለው፤ በዓለ ሃምሳም 50 ቀን ሙሉ ጾምና ስግደት የሌለበት የደስታ ወራት ነው። ለፋሲካ ዕለት ዶሮ ያልደረሰለት ቤተሰብ ለዳግም ትንሣኤ ቢያዘጋጅ ከበዓሉ አልወጣም። ይህን ማስተማር ከብዙ ብድር ያድናል ብለን እናምናለን።

ሰበካ ጉባኤያትም ራሳቸውን ቢመረምሩ መልካም ነው። የሕንፃ ማሠሪያም ሆነ የሌላ ሥራ ገንዘብ ማሰባሰቢያ በሰሙነ ሕማማት ሲታወጅ፣ የሰጪዎች ስምና መጠንም በድምፅ ማጉያ ሲነበብ፣ ምንም የሌለው ሰው በእግዚአብሔር ቤትም ያፍራል። እንዲህ ያለው ጥሪ ከሆሣዕና በፊት ወይም ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ቢሆን ይሻላል። ለችግረኞች የሚሰጠው ዘይት፣ ዱቄትና ገንዘብ ደግሞ ቢዘገይ እስከ ሰሙነ ሕማማት ረቡዕ መድረስ አለበት። ቅዳሜ ማታ የሚደርስ እርዳታ ብድሩ ከተወሰደ በኋላ የደረሰ ነው። አደባባይ ላይ ሰልፍ ከማስያዝ ይልቅ በንስሐ አባት እጅ በጸጥታ ቢላክ፣ በሰፈር የቅርጫ በሬ ሲታረድም አንድ መደብ ለአቅመ ደካሞች እንዲተው ከእድሮች ጋር ቢነጋገሩ፣ ወጪው ትንሽ ሆኖ እፍረቱን ያቃልላል።

በቀዳም ሥዑር ካህናት ቄጤማ ይዘው በየቤቱ ሲዞሩ ምእመናን ስጦታ የመስጠት ልማድ አላቸው። የሚሰጠው የሌለው ቤት ግን ደጁን ዘግቶ የሌለ መስሎ ይቆያል። ካህኑ ጉዞውን ከእነዚህ ደጆች ጀምሮ፣ ቄጤማውን ሰጥቶና ባርኮ ምንም ሳይጠብቅ ቢያልፍ ያ ቤት የሰላሙን ብሥራት ሳይሳቀቅ ይቀበላል። ካህናትም የሚመግቡት ቤተሰብ አላቸውና፣ ሰበካ ጉባኤው የአገልጋዮቹን የበዓል መዋያ ከሆሣዕና በፊት ከፍሎ ቢያጠናቅቅ ይህን ለማድረግ አይቸገሩም።